አባቴ አንጓውን የሰጠኝ ክረምት

ባለፈው ሳምንት መኪናዬን ጋራዥ ወስጄ ነበር። መካኒኩ ከመኪናው ሥር ተንፏቆ ወጣና መዳፉን አጥፎ የእጁን አንጓ ዘረጋልኝ። «እጄ ቆሻሻ ነው» አለ። የአገሩ ሰላምታ ነው፤ እጁ የቆሸሸ ወይም ማዕድ ላይ ያለ ሰው መዳፉን ሰብሰብ አድርጎ አንጓውን ይሰጣችኋል፣ እናንተም ያንን ጨበጥ አድርጋችሁ ወደ ጉዳያችሁ ትገባላችሁ። እኔ ግን የግሪስና የነጭ ጋዝ ሽታ አፍንጫዬ ሲደርስ የልጁን አንጓ ይዤ ቀረሁ። «እህት፣ ሰላም ነው?» አለኝ ግራ ገብቶት። ሰላም ነው አልኩት። እኔ ግን በሐሳብ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ነበርኩ፣ ክረምት ነበር፣ ያለሁትም መርካቶ፣ የመኪና መለዋወጫ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ነበር።

አባቴ ከድር ሶማሌ ተራ ኩሽኔታ ይሸጥ ነበር። ኩሽኔታ የመኪና ጎማ ሳይንገጫገጭ እንዲዞር የሚያደርግ፣ ውስጡ የብረት ኳሶች የተደረደሩበት ቀለበት ነው፤ አዲሱም ያገለገለውም ግሪስ ተቀብቶ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ የአባቴ እጅ ጥቁር ነበር። የመዳፉ መስመር፣ የጥፍሩ ዙሪያ፣ የጣቶቹ ስንጥቅ ሁሉ በእስክሪብቶ የተሰመረ ይመስል ነበር። ትንሽ ሆኜ ሰው አባት ሲሆን እጁ የሚጠቁር ይመስለኝ ነበር። የጎረቤታችን ልጆች አባት አስተማሪ ነበሩ፤ ንጹሕ ጣታቸውን ሳይ ለልጆቻቸው አዝንላቸው ነበር።

በእኛ ቤት ማጉረስ የአባዬ ሥራ ነበር። ማታ ከሱቅ ሲገባ ይታጠባል፣ ይቀመጣል፣ «ቢስሚላህ» ይልና የመጀመሪያውን ጉርሻ ለእኔ፣ ሁለተኛውን ለእናቴ ለዘሃራ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለራሱ የሚቆርሰው። ጉርሻው ደግሞ ልክ የለውም። ጉንጬ ተወጥሮ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስታገል እሱ ይስቃል። ከወጡ ጋር ግሪሱን የሚያስለቅቅበት ነጭ ጋዝ ትንሽ ይሸታል። ለእኔ የእራት ሽታ ማለት ያ ነበር።

በዚያው ዓመት በጋ ላይ ታይፎይድ ታመምኩ። ብዙ አላስታውስም፤ የሆስፒታሉን ጣሪያ፣ እጄ ላይ የተለጠፈውን ፕላስተር፣ እማዬ ግንባሬን ይዛ ዱዓ ስታደርግ፣ አባዬ ደግሞ በር ላይ ቆሞ ሳይገባ ሲያየኝ አስታውሳለሁ። ወደ ቤት ስመለስ ቤቱ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። የምንጠጣው ውሃ ሁሉ መፍላት ጀመረ። ሰላጣ ከቤታችን ጠፋ። የእኔ ብርጭቆ ለብቻው ተቀመጠ፣ የእኔ ሳህን ለብቻው ሆነ፣ ማንኪያ ተሰጠኝ። ጉርሻም ቀረ። አባዬ እኔንም እማዬንም ማጉረሱን ተወ፣ ሦስታችንም አቀርቅረን እንበላለን። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ መልሱ አስፈርቶኝ ነበር።

ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቡታጅራ ያለችው አክስቴ ወለደች። እማዬ አራሷን ልትንከባከብ መሄድ ነበረባት። እዚያ የሚጠጣውን የጉድጓድ ውሃ ስለፈራች እኔን አልወሰደችኝም። መኪና ተራ ቆመን አባዬን ትእዛዝ በትእዛዝ አደረገችው።

«ከድር፣ ሰሚራ ያልፈላ ውሃ እንዳትጠጣ። ውጪ የተሠራ ምግብ አፏ እንዳይደርስ። ማንም እንዳያጎርሳት።»

«እሺ» አለ አባዬ።

«ማንም ነው ያልኩህ።»

«ገባኝ ዘሃራ።»

«ማንም» ስትል የምታየው እጁን ነበር። አባዬም ሁለቱንም እጆቹን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው። እሷ ከሄደች በኋላ ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ክረምቱን ሙሉ ከእሱ ጋር ሱቅ ዋልኩ።

አባዬ መሥራት የሚያውቀው ምግብ አንድ ብቻ ነው፤ መኮሮኒ። ጠዋት ጠዋት ሙሉ ድስት ውሃ ያንተከትክና ግማሹን ለኮዳዬ፣ ግማሹን ለመኮሮኒው ያደርገዋል። መኮሮኒው ምሳ ሰዓት ላይ ምሳ ዕቃዬ ውስጥ አንድ ላይ ተጣብቆ እንደ ሳሙና ይቆረጣል። ቤታችን ካለበት ከአብነት እስከ ሶማሌ ተራ በጭቃ እንሄዳለን። ተሸካሚዎች «ዞር በሉ! ዞር በሉ!» እያሉ በላያችን ላይ ሊወጡ ሲደርሱ አባዬ «ያዢኝ» ይለኛል። የሚሰጠኝ ግን እጁን አይደለም፣ አንጓውን ነው። አንጓው ለእኔ እጅ ወፍራም ስለሆነ በሁለት እጄ አቅፌው እሄዳለሁ። ከቆዳው ሥር የደም ሥሩ ሲመታ ይሰማኝ ነበር።

መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ ግን ሱቅ ተቀምጬ ማየት ጀመርኩ። ደንበኛ ሲመጣ አባዬ እጁን በጨርቅ ጠረግ ጠረግ ያደርግና ሙሉ እጁን ዘርግቶ ይጨብጣል። ሹፌሩንም፣ ደላላውንም፣ ከክፍለ ሀገር የመጣውንም ይጨብጣል። ወደ ቤት ልንሄድ ስንል ግን ለእኔ አንጓውን ነው የሚሰጠኝ።

ክፍላችን ውስጥ የጀርም ሥዕል ተለጥፎ ነበር። አረንጓዴ ነው፣ ቀንድና ጥርስ አለው፣ ትልቅ እጅ ላይ ተቀምጦ ይስቃል። አስተማሪያችን «ጀርም በዓይን አይታይም፣ ከታመመ ሰው እጅ ወደ ጤነኛ ሰው ይሄዳል» ብላ ነበር። ካልታየ ቀንዱን ማን አየው ብዬ ያኔ ሳላስጨንቃት አልቀረሁም። አሁን ግን ነገሩ ገባኝ። ከቤታችን የታመመው ማነው? እኔ ነኝ። ብርጭቆው የተለየው የማን ነው? የእኔ። አባዬ የማይጨብጠው ማንን ነው? እኔን። መዳፌን ወደ ብርሃን አዙሬ ብዙ ጊዜ አየሁት። ንጹሕ ይመስል ነበር፣ ይሄ ደግሞ ይበልጥ አስፈራኝ።

ምሳ የሚበላው ከሱቆቹ ጀርባ፣ እትዬ ብርቄ ቤት ነበር። እትዬ ብርቄ ከጎጃም የመጡ ቆፍጠን ያሉ ሴት ናቸው። ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ላይ ቧንቧ የተገጠመለት በርሜል አለ፣ ሳሙናው እንዳይሰረቅ በሽንኩርት ከረጢት መረብ ተቋጥሮ ተንጠልጥሏል። «ያልታጠበ አይቀመጥም!» ይላሉ። የነጋዴዎቹን እጅ አሽትተው የመለሱበትን ቀን አይቻለሁ። ሰዉም እስከ ክርኑ ይታጠባል። ታጥቦ ሲያበቃ በታጠበው እጁ መጋረጃውን ይገፋል፣ ስልኩን ያነሳል፣ አፍንጫውን ያካል፣ ከዚያ እንጀራውን ይቆርሳል። እትዬ ብርቄ ራሳቸው ብርጭቆውን ሁሉ አንድ ሳፋ ውስጥ እያጠለቁ ነው የሚያወጡት። አንድ ቀን «እትዬ፣ ይሄ ውሃ የስንት ሰው አፍ ነው?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ዓይናቸውን አፍጥጠው አዩኝ፣ «የማነሽ አንቺ ነገረኛ!» አሉና ሳፋውን ጭቃው ላይ ደፉት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብርጭቆው የሚለቀለቀው በሚወርድ ውሃ ሆነ፣ እኔ በገባሁ ቁጥርም «ጤና ጥበቃ መጣች!» እያሉ ይቀበሉኝ ጀመር።

ፍልሰታ ስለነበር ቤቱ ያለው ሽሮ፣ ምስርና ጎመን ነው፤ ስለዚህ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ትሪ ይከባል። እኛ ትሪ ላይ አባዬ፣ ባትሪ የሚሸጡት ጋሽ ታደሰና ስፖኪዮ የሚሸጠው ሸምሱ ይቀመጣሉ። ጋሽ ታደሰ የተራው ሽማግሌ ናቸው። ሸምሱ ደግሞ ቀልድ የማያልቅበት ጎረምሳ ነው። እኔ ጥግ ላይ ምሳ ዕቃዬን ታቅፌ መኮሮኒዬን በማንኪያ እቆፍራለሁ።

«ጋሽ ከድር» አለ ሸምሱ አንድ ቀን፣ «ይቺን ልጅ በፈላ ውሃ አታበላሻት። ሰውነት ካልለመደ አይጠነክርም። የእኔ ሆድ የመርካቶን ጀርም በየስሙ ነው የሚያውቀው። የቦይ ውሃ ጠጥተን አይደል ያደግነው? ይኸው በሬ አክለናል!»

«ስንት ናችሁ እናንተ ቤት?» አሉት ጋሽ ታደሰ።

«አምስት።»

«የተወለዳችሁትን ነው የምትነግረኝ ያደጋችሁትን?»

ሸምሱ ማኘኩን አቆመ። «እሱን... እናቴን ጠይቄያት አላውቅም።»

«ጠይቃት። ከእኔ በላይ ሦስት ነበሩ። እነሱም ያንኑ ቦይ ነው የጠጡት። ሆዳችን ለመደ እያልን የምናወራው የተረፍነው ነን።»

«ታዲያ ልጅ ላስቲክ ውስጥ ይቀመጥ ጋሼ?»

«አልወጣኝም። አፈር ትንካ፣ ከልጅ ጋር ትንከባለል፣ ከሰው ማዕድ ትብላ። ሰውነት መልመዱማ ይለምዳል። ውሃው ግን ይፍላ፣ እጅም ይታጠብ። ይሄን ያህል ምን ያጣላል?»

እኔ በበኩሌ ከዚህ ሁሉ የያዝኩት ጀርም ስም እንዳለው ነው። ሸምሱ ብዙ ጀርም በስም ያውቃል፤ እኔ የማውቀው ግን አንድ ብቻ ነው፣ ታይፎይድ። ሰውነት ጀርምን የሚለምድ ከሆነ ጀርምም ሰውን ይለምድ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። የእኔው እኔን ለምዶኝ መሄድ ትቶ ቢሆንስ?

ጋሽ ታደሰ ክርክሩን የጨረሱ መስሏቸው ሽሮና ጎመን ጠቅልለው ወደ እኔ ዘረጉ። «ነይ የኔ እመቤት፣ ያን ሲሚንቶ ተዪው።»

ወደ ኋላ ሸሸሁ። አባዬም ፈጠን ብሎ «ጋሼ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እናቷ ከሰው እጅ እንዳትበላ ብላለች» አለ። የጋሽ ታደሰ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዕድሜያቸው ጉርሻ የመለሰባቸው ሰው የነበረ አይመስለኝም። ሸምሱ «ለእኔ ይሁና!» ብሎ አፉን ከፈተ፣ ሰው ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም፣ ያን ቀን ደግመው ሳይጎርሱ ተነሱ። አባዬም ተከትሏቸው እየወጣ ደጋግሞ ይቅርታ ይላቸው ነበር። እኔ ጋሽ ታደሰንም እንዳላሳመምኳቸው አላህን አመሰገንኩ።

በማግስቱ ጠዋት ጋሽ ታደሰ በሱቃችን በር ሲያልፉ እንደ ልማዳቸው ጎንበስ ብለው እጃቸውን ሰጡኝ። ቂም የሚይዙ ሰው አልነበሩም። እኔ መዳፌን አጥፌ አንጓዬን ዘረጋሁላቸው።

«እጅሽ ምን ሆነ?»

«ቆሻሻ ነው።»

ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈለቀቁና አዩ። «ይሄ? ከእኔ ፊት ይሻላል እኮ!»

«ላዩ ላይ አይታይም። ታይፎይድ ነበረብኝ።»

«ድነሽ የለ እንዴ?»

«እንጃ። አባዬ ሰውን ሁሉ ሲጨብጥ ለእኔ አንጓውን ነው የሚሰጠኝ። አያጎርሰኝም። እንዳይይዘው ነው።»

ይህን ያልኩት ሳላለቅስ ነው፤ ነገሩን ካወቅኩት ቆይቼ ነበርና። ጋሽ ታደሰ ቀና ብለው ከኋላዬ ተመለከቱ። ዞር ስል አባዬ መደርደሪያው ሥር ኩሽኔታ እንደያዘ ቆሟል። ፊቱን ያን ዓይነት ሆኖ አይቼው አላውቅም። የዕቃ ሳጥን ላይ ቁጭ አለ። «ያ ረቢ» አለ።

ጋሽ ታደሰ «ከድር፣ ልጅቷ የምትለውን ሰማህ አይደል?» አሉት።

«ሰማሁ ጋሼ።»

«እንግዲህ ቁጭ አትበላ!»

አባዬ ተነሳ። ሸምሱን ሱቅ ጠብቅልኝ ብሎ ጠራው። በደራ የገበያ ሰዓት አባቴ ለሶላት ካልሆነ በቀር ሱቁን ለሰው ሲተው ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ እጁን መታጠብ ጀመረ። መጀመሪያ በነጭ ጋዝ አሸው። ቀጥሎ ከአናጢው ቤት ያመጣውን ሰጋቱራ አፍሶ መዳፉን በዚያ ፈተገ። ከዚያ የዱቄት ሳሙና አደረገበት። እትዬ ብርቄ በርሜል ጋ ሄደን በመረቡ ሳሙና ደገመው፣ እኔ ቧንቧውን እየከፈትኩ። እትዬ ብርቄ ወጥተው «ምን ጉድ ነው ዛሬ፣ ሙሽራ ነህ እንዴ?» አሉት፤ ፊቱን ሲያዩ ግን ተመልሰው ግማሽ ሎሚ ይዘውለት መጡ። በሎሚው ጥፍሩን አንድ በአንድ አሸ። በክብሪት እንጨት የጥፍሩን ሥር ጠረገ። ቆዳው ቀልቶ ሊደማ ደረሰ።

«ይበቃል አባዬ» አልኩት።

ቁጢጥ ብሎ ፊቴ ተቀመጠ። «ሰሚራ፣ ቆሻሻው የእኔ እጅ ነው እንጂ የአንቺ አይደለም። እኔ ያሳመምኩሽ መስሎኝ ነው። በዚህ እጅ አጉርሼ ልጄን ልገድላት ነበር ብዬ ፈርቼ ነው። ፈርቼ ነው እንጂ አንቺን ተጸይፌ አይደለም። ሰማሽ?»

ሰምቻለሁ፣ ግን አላመንኩትም። ትልቅ ሰው ልጅን ሲያባብል እንዲህ እንደሚል አውቃለሁ። ያላመንኩት ፊቴ ላይ ታይቶት መሆን አለበት። ምሳ ቀርቦ ስንቀመጥ የእኔን ምሳ ዕቃ ከፊቴ አነሳና ትሪውን ወደ እኔ ገፋው።

«እስቲ አጉርሺኝ» አለኝ።

«እኔ?»

«አንቺ። በእጅሽ።»

እንጀራ ቆረስኩ፣ ሽሮ ነካሁ፣ ጠቀለልኩ። ተዝረክርኮ መዳፌን አበላሸው። አባዬ አፉን ከፍቶ ጠበቀኝ። አጎረስኩት። አኝኮ ዋጠና ጣቶቼ ላይ የቀረውን ሽሮ አንድ ሳያስቀር በከንፈሩ ለቀመው። ያኔ አመንኩት። አመንኩትና ክረምቱን ሙሉ ያላለቀስኩትን ለቅሶ እዚያ ትሪ ላይ ለቀቅኩት።

«ጨው ያንሰዋል ብዬ ነበር፣ አሁን ተስተካከለ» አለ ሸምሱ። ጋሽ ታደሰ በክርናቸው ደሰቁት፣ እሳቸውም ግን በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ከዚያ አባዬ አጎረሰኝ። ሎሚ፣ ሽሮ፣ ከሥሩ ደግሞ ያ ሁሉ ፍትጊያ ያላስለቀቀው ትንሽ ነጭ ጋዝ ነበረው። ዛሬ ሐኪም ቢሰማ ይቆጣል። ቀጥሎ የጋሽ ታደሰ ጉርሻ መጣ፣ የተቀበልኩት አፌን ሙሉ ከፍቼ ነው።

በቀጣዩ ጠዋት አባዬ ግንባሬን እየደጋገመ ነካ። እኔም ሆዴን አዳመጥኩ። ከሸምሱ ጀርሞች አንዱ መጥቶ ስሙን ቢነግረኝ ብዬ ነበር፣ ማንም አልመጣም። አባዬ ውሃ ማፍላቱን አልተወም፣ ሰላጣም አላስነካኝም። ምሳ በፊት ግን ሁለታችንም በርሜሉ ጋ ቆመን ሎሚ ተካፍለን እንታጠብ ነበር፣ መኮሮኒውም እዚያው ላይ አከተመ። ወደ ቤት ስንሄድ የያዝኩት እጁን ነበር።

እማዬ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ተመለሰች። ማታ እራት ስናቀርብ የእኔን ሳህን ለብቻው አስቀመጠች። አባዬ ታጥቦ መጣ፣ ተቀመጠ፣ «ቢስሚላህ» አለና ጠቅልሎ ወደ እኔ ዘረጋ። እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። እማዬ ክንዱን መሀል ላይ ያዘችው።

ጉርሻውን ከእጁ ወስዳ ትሪው ላይ አኖረችውና መዳፉን ገለበጠችው። ጥፍሩን አንድ በአንድ አየች። ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው።

«በሎሚ ነው የሚታጠበው» አልኳት ፈራ ተባ እያልኩ። «ይኸው ስንት ሳምንት አጉርሶኛል። አልታመምኩም።»

ተነስታ ወደ ጓዳ ገባች። አባዬ እጁን እንደዘረጋ ቀረ። ግማሽ ሎሚ ይዛ ተመለሰችና «አውራ ጣትህ ሥር ቀርቶሃል» አለችው። እጁን ጭኗ ላይ አድርጋ ራሷ ታሸው ጀመር። ብዙ አሸችው። ያ መስመር ግን የሃያ ዓመት ኩሽኔታ የሠራው ነው፣ የሚለቅ አልነበረም።

«ሐኪሙ ከውሃ ሊሆን ይችላል ብሎኝ ነበር» አለች ቀና ሳትል። «በዚህ እጅህ ነው ያሳመምካት ያልኩህ እኔ ነኝ። እዚያ ሆስፒታል፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።»

«ይሁን ዘሃራ፣ አልፏል» አለ አባዬ።

ሎሚውን አስቀመጠች። በውሃ አለቃለቀችለት፣ በነጠላዋ አደረቀችለት። ከዚያ የእኔን ሳህን አነሳችና ያለውን ትሪው ላይ ገለበጠችው።

አባዬ አጎረሰኝ። ቀጥሎ ለእሷ ጠቀለለ፣ አሳንሶ፣ እንደ እንግዳ። እማዬ ጉርሻውን አየችና ራሷን ነቀነቀች።

«እንደ ድሮው» አለችው፣ አፏንም ከፈተች።